ክፍያ፦ ዜሮ

በኒውፋውንድላንድ፣ በጉም ዳር ከተማ፣
ዓሣ ሲበልት የቢላው ዝና የተሰማ፣
አምብሮዝ ፒንሰንት የሚሉት ሽማግሌ፣
ትንፋሹን የሸጠ በፓኮ፣ ሁሌ።
ሳምባው እንደ ጀልባ፣ እንደ አሮጌ ሞተር፣
ጠዋት «አልነሳም» ሲል ይንተባተብ ነበር።

በየወሩ ዓርብ፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት፣
ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ይቆማል ፊት ለፊት።
የኒኮቲን ፕላስተሩን ያነሳል፤ ያገላብጠዋል፤
ዋጋውን ያነባል፤
ቀስ ብሎ ይመልሰዋል።

አትፍረዱበት።
ሲጋራ የዛሬን ብቻ ነው የሚጠይቀው፣
ነገን በጭስ ሸፍኖ፣ ኪስ ሳያውቀው፤
ፈውስ ግን እንደ አበዳሪ በር ላይ ቆሞ
«ሁሉንም ባንዴ» ይላል፣ እጁን አስቀድሞ።

ታዲያ በሚያዝያ፣ በረዶው ሲላላ፣
ፊሎሚና ጠራችው ከባንኮኒው ኋላ፤
«አምብሮዝ፣ ደንቡ ተለውጧል፤ ከዛሬ ጀምሮ
አንተ የምትከፍለው…» ጻፈችለት፦ ዜሮ።

ዜሮዋን አያት። ክብ ናት።
ለልጅ ልጁ ለብሪዲ፣ ሊያስቃት ሲል፣
ከአፉ የሚለቀውን የጭስ ቀለበት ትመስል።
ይቺ ግን አልበነነችም፤ ወረቀቱ ላይ ጸናች፤
ከኪሱ ምንም ሳትወስድ ከደረቱ ገባች።

ወሬው ከመርከብ ቀድሞ ወደብ ደረሰ።
አውቶቡስ ነጂዋ ጀራልዲን መጣች፣ መረብ ጠጋኙ ሊዮም፤
ያ አቧራ የለበሰ መደርደሪያ ሳምንት አልሞላም፣ ተራቆተ።
ኮርኔሊየስ ብቻ «አጎቴ እያጨሰ ዘጠና ደፍኗል» ብሎ ቀረ፤
እያሳለ ነው ያለው።

አልዋሻችሁም፤ አምብሮዝ በሰኔ ወደቀ።
ወንድሙን የቀበሩ ዕለት፣ ከመቃብሩ አጥር ሥር፣
አንድ ለኮሰ። ከዚያ አምስት።
በፊት ቢሆን የከሰረውን ገንዘብ እያሰላ
«በገንዘቤ ተሸነፍኩ» ብሎ በዚያው በቀረ።
ለካ መውደቅም ቀረጥ ነበረው።
አሁን ግን ተመለሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶ፤
ፊሎሚና ምንም አልጠየቀችም።
እስክሪብቶዋን አነሳች። ዜሮ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውጭው ነጭ ሆኖ፣
ብሪዲ ከጉልበቱ ወጥታ፦
«አያቴ፣ ቀለበት ሥራልኝ።»
ዝም አለ ጥቂት። ኪሱን ዳበሰ፤ ማስቲካ ብቻ።
ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጋና
በቀዝቃዛው መስታወት ላይ «ሃህ» ብሎ ተነፈሰ፣
በጣቱም ክብ ሣለላት።
ሳቀች። በክቡ ውስጥ ባሕሩ ታያት።

ትንፋሹ ነው፤
ያልተሸጠው።