ሦስተኛው ጥያቄ

ስሜ ተለጠፈ ከዲኑ ቢሮ በር፣
ዘጠነኛው ረድፍ፣ ከማኅተሙ ሥር።
«የማዕረግ ማኅበር አዳዲስ አባላት»
ይላል አርእስቱ፣ ዝናብ አጥቦበት ጥቂት ፊደላት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ፣
ሻማ ሊለኮስ ነው፣ መዝገብ ሊገለጥ፤
ነጭ ሸሚዝ ግዴታ፣ ከጥቁር ጉርድ ጋራ፤
ጉርዱ የፈቲያ ነው፣ ወገቡ ሰፍቶኛል፣ መርፌ ቁልፍ አደራ።

አባቴ በስልክ ስነግረው ዝም አለ፤
መሮው ይሰማኛል፣ የበርጩማ ግንድ እየፈለፈለ።
«ማኅበር?» አለኝ ኋላ፣ «እቁብ ነው ወይስ ዕድር?
ስንት ነው መዋጮው? ካስፈለገ ልበደር።»
«መዋጮ የለውም» አልኩት። «ታዲያ በምን ይቆማል?»
ብሎ ሳቀ፤ እሱ ዘንድ ሦስት እግር ያለው ብቻ ይታመናል።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ዶፉም መጣ፣ እንደ ጅማ ደንቡ።
ከቂጦ እስከ ዋናው ግቢ በእግር አይሞከርም።
ባጃጅ አስቆምኩ፣
ሾፌሩ ነስሩ።

ያ የቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ነስሩ፣
ሜካኒክስን በብስኩት ካርቶን ጀርባ ስሎ ያስረዳኝ፣
«ኃይሉ ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?»
እያለ እስኪነጋ የሚያስለፈልፈኝ፤
ወባ አጣድፎት ፈተናውን ግማሽ ላይ ጥሎ የወጣ፣
በአንድ ነጥብ ዘጠኝ ሻንጣውን የያዘ።

በመስታወቱ አየኝ፤ ሸሚዜን፣ ጉርዱን።
«የማን ሠርግ ነው?»
ነገርኩት።
«ይገባሻል» አለ፣ ማርሽ እየቀየረ።
ሊሰጠኝ የሚገባውን ማለቱ ይሁን
ወይስ ነገሩ የሚገባኝን፣
አልጠየቅኩትም።

አወይቱ ድልድይ ላይ ዝግ አለ።
«ያ ሦስተኛው ጥያቄ» አለኝ፣ ሁለት ዓመት እንዳልሞላው ነገር፣
«የድልድዩ… መልሱ ስንት ነበር?»
«አሥራ ሁለት ኪሎ ኒውተን፣ ወደ ታች።»
ጣቶቹ መሪው ላይ አንድ ነገር ቆጠሩ።
«ጽፌው ነበር» አለ።
«ኋላ ግን ሰረዝኩት።»

ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ጭቃውን እየረጨ ሄደ።

ሻማው እኔ ጋ ሲደርስ ሁለቴ ጠፋ።
የተማሪዎች ዲኑ በክብሪቱ እጁን አቃጠለ፣ ሳቅን።
ስሜን ከነአያት ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።
ከፊርማው ጎን «አስተያየት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፣
ስምንቱም ከእኔ በፊት ባዶ ትተውታል።
እኔ ትንሽ ቀስት ሳልኩበት፣
ወደ ታች።
አሥራ ሁለት።