ታላቄ በፓስፖርት

አባቴ ሲወደኝ ትብለጥ ብሎ ጠራኝ፣
ደላላው በለጠው፣ በሌላ ስም አሠራኝ።
ደሴ፣ ፒያሳ ጋ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት፣
የሰው ቀሚስ ለብሼ፣ ኩል ተኩዬ በጉልበት፣
"ደረትሽን ነፋ አርጊ፣ እንዳትስቂ" አለኝ፤
ዐሥራ ሰባት ነበርኩ፣ ብልጭታው ሃያ አምስት አረገኝ።

እህት አልነበረኝም፤ እንዲህ ነው ያገኘሁት ታላቅ፣
ከወረቀት ተወልዳ በማኅተም የምትደምቅ።
ኑሪያ ይመር ትባላለች፤
ሁለት ዓመት ዐረብ ቤት የሠራች፣
ወጥ የምታውቅ፣ ልብስ የምትተኩስ፣ ሁለት የወለደች።
ሥራ ያገኘችው እሷ ናት፤
የሄድኩት ግን እኔ ነኝ።

ኩዌት፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ምንጣፍ ላይ ደርድረውን፣
ከፊል በመጣ ቁጥር አንዳንድ እያስነሡን፣
"ኑሪያ! ኑሪያ!" ይላል አንዱ ወረቀት እያርገበገበ፣
"ኑሪያ!" ድምፁ ተናደደ፣ ጣራው አስተጋባ።
ይቺ ደንቆሮ ማን ናት፣ ብዬ ዞሬ አየሁ፤
ከኋላዬ ማንም የለም።
ያኔ ተነሣሁ።

ጃህራ ነው የደረሰኝ፤ ሦስት ፎቅ፣ ዘጠኝ ነፍስ፤
ላይኛውን ወልውዬ ስወርድ፣ ታችኛው አቧራ ሲለብስ።
እኛ ጋ ጭቃ በሆነ በነሐሴ፣ እዚያ ቧንቧው እንኳ ይዋሻል፦
ቀዝቃዛ የተባለው ከጣራ በርሚል ወርዶ ቆዳ ይልጣል፣
ሙቅ የተባለው፣ ማሞቂያው ጠፍቶ ስለከረመ፣ ይበርዳል።
እኔም እንደ ቧንቧው ነኝ፣
ጽሑፌን ብቻ አይታችሁ አትክፈቱኝ።

ማዳም ኡም ፈሃድ ክፉ አይደለችም፤ ሰው ናት፣ ትጠይቃለች፤
"ልጆችሽስ ኑሪያ? ደኅና ናቸው?" ትላለች።
ልጆች?
የፈሃድን ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ካውያው ደርቆ ቀረ በእጄ፤
ደላላው "ሁለት" ብሎ ቁጥር ብቻ ነው የጻፈው፣
ስም ማውጣቱን ለእኔ ተወው።
"ወንዱ ያሲን" አልኳት፣ ሸሚዙ ሳይቃጠል ቶሎ፤
"ፊደል ቆጠረ" አልኳት፤ በዓመቱ "ሁለተኛ ክፍል ገባ"፤
ለዒድ ጫማ ገዛችለት፣
ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ተረከዙ ሲረገጥ የሚበራ።
ታናሽ ወንድሜ ለካው፤ ልክክ አለለት፤
ማታ ማታ ለሰፈር ልጆች መብራት ሆነላቸው አሉ፣ መብራት ሲጠፋ።
"ሴቷስ?" ትለኛለች።
የሴቷን ስም ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።
"ታድጋለች" አልኳት ብቻ።
በየዓመቱ፣ "ታድጋለች።"

ሐዋላ ቤት ተሰልፌ ብር ስልክ ለአባቴ፣
"ከኑሪያ" የሚል ደረሰኝ ይደርሰዋል ከቤቴ።
"ይቺ ደግ ሴት ማን ናት?" ይላል በስልክ እየቀለደ፤
ከሳቁ መሃል አንድ ነገር ስንጥቅ ብሎ ሄደ።
እኔም ሳቅሁ። ደቂቃው አለቀ።

ዘንድሮ ስምንት ዓመቴ፤ ሃያ አምስት ሞላኝ የእውነት።
ደረስኩባት ስል ታላቄን፣ ሠላሳ ሦስት ገባች፤
ኢቃማው ላይ፣ ሐኪም ካርዱ ላይ፣ ሁሌ ትቀድመኛለች።
ሐኪሙ "ለዕድሜሽ ደኅና ነሽ" ይላታል፤
ወገቡን የሚያመኝ ግን እኔን ነው።

ፓስፖርቱ ሊያልቅበት ደረሰ፤ ኤምባሲ ሄጄ አዲስ አወጣሁ፤
አሮጌው ጥጉን ተቆርጦ፣ ከአዲሱ ጋር ለማዳም ሰጠሁ።
ስምንት ዓመት መሳቢያዋ ውስጥ ነበር፤ ገልጣው አታውቅም።
ዛሬ ገለጠችው፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ረስታ፣
ሩዝ የምለቅምበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሰሃኑ ጎን፤
ደረቷን የነፋች ልጅ፣ ኩሏ በአንድ ዐይኗ በኩል የወረደ፣
ልትስቅ ምንም ያልቀራት።

"ኑሪያ" አለችኝ፣ ዐይኗን ከፎቶው ሳታነሣ፣
"ይቺ ናት ልጅሽ?"

እጄ ሩዙ ውስጥ ነው። አንድ ጠጠር አገኘሁ፤ አወጣሁት።

"አዎ" አልኳት፣ "ልጄ ናት።
ስሟ ትብለጥ።"