ሃያ ሦስት ኪሎ

የዓሣውን ሚዛን ከጀልባ አምጥቼ
ሻንጣዬን ሰቀልሁት፣ መንጠቆ አግብቼ።
መርፌው ተርገፍግፎ ቆመ፦ ሃያ ስድስት።
አየር መንገዱ ግን ያለው ሃያ ሦስት።
«ሦስት ኪሎ ኃጢአት ይዘሃል» አለች ሚስቴ።
ሱንቫን አውቃታለሁ ከልጅነቴ፤
ስትቀልድ ጨንቋታል።

ሹራቤን ጎትታ ቀድማ አወጣችው፣
«አገሩ እሳት ነው» ብላ አጠፈችው።
ልማድ ነው፤ እኛ ፋሮዎች፣ በዚህ ሰሜን ባሕር፣
በሐምሌም ያለ ሱፍ ከደጅ አንሻገር።
ደረቁ ዓሣ ወጣ፤ ትርፉ ጫማም ወጣ፤
የሰንበት ልጆቹ ሥዕል ተራው መጣ፦
ዓሣ ነባሪ፣ በግ፣ ሣር የለበሰ ጣራ፤
በአንዱ ወረቀት ጥግ፣ ከገደሉ ጋራ፣
የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ፀሐይ፣ ከሥሯም ጽሑፍ፦
«የእኛ ይቺን ታህላለች። የእናንተስ?»
ሱንቫ ደጋግማ አነበበችው።
«ይሄስ አብሮህ ይሂድ፤
ወረቀት ምን ሊከብድ።»

የምሄደው ለዐሥራ አራት ቀን ነው፣ ማዳጋስካር።
ከአንድ ክሊኒክ ጓሮ ጄኔሬተር ቆሟል፤
ሌሊት የመጣች እናት በስልክ መብራት ትወልዳለች፣ ይላል
ደብዳቤው።
እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ስለ ጌታ ላውራ ስል ምላሴ ይታሰራል፣
ፒስተን ስፈታ ግን እጄ ይናገራል።
ከቋንቋቸው አንድ ቃል ብቻ ያዝሁ፦ ሚሶትራ፤
አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ የጀልባ ሆድ ቀለም ስቀባ እለዋለሁ፣
ለማንም።

እሑድ በጉባኤው ከፊት አቆሙኝ፣
ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑብኝ።
«ጌታ ሆይ» አሉ አባት ዮአኪም፣ «ወንድማችንን ላከው።»
ወንድም።
ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ደብዳቤው ይቀጥላል፦
ሞተሩ አሮጌ ነው፤ የብሎኑ ራስ
በዛሬ መፍቻ አፍ የማይዳሰስ።
በመንደሩ ያለው አንድ ነው፣ የአባቴ መፍቻ፤
የሚገኘውም በወንድሜ፣ በሬግን ቤት ብቻ።
የአባታችንን ጀልባ ሳይነግረኝ ከሸጠ ወዲህ አልተነጋገርንም።
ማዳጋስካር በአውሮፕላን ሁለት ቀን ነው አሉኝ።
የሬግን ደጅ ከእኔ ደጅ ሦስት ቤት ነው፤
ዘጠኝ ዓመት ሄጄ አልደረስሁም።

ማታ፣ በዝናብ፣ አንኳኳሁ።
ቤቱ ሬንጅ ይሸታል። አርጅቷል።
«ምን ፈለግህ?»
«መፍቻውን።»
«የትኛውን?»
«የአባባን።»
ገባ። ቆየ። በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት መጣ፤
ያበራል፤ ዝገት ዝር አላለበትም።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማን ብሎ ወለወለው?
«ወዴት ነው?»
«ማዳጋስካር።»
«እዚያ ዝናብ አለ?»
«በወቅቱ።»
«እንግዲያው እንዳይዝግ። መልሰህ አምጣው።»
ይቅርታ ልለው ነበር፣ አፌን ስከፍት፤
«ወገብህስ?» አልሁት።
«ያው ነው» አለና በሩን ዘጋው፤
የደጁን መብራት ግን ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ አላጠፋው።
«ሚሶትራ» አልሁ፣ ለተዘጋው እንጨት።
አልሰማም። ወይም ሰምቷል።

መርፌው ሃያ ሰባትን አለፈ።
ሙሉ ልብሴ ወጣ፤ ክራባቴም ወጣ፤
ለምስክርነት ብዬ ስጽፍ ስሰርዝ ያደርሁበት
ዐሥራ ሁለት ገጽ፣ እሱም ወጣ።
ሥዕሎቹን አልነካናቸውም።
ሱንቫ መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አየች፦
ሃያ ሦስት ተኩል።
«ትርፍ አለው» አልኋት።
«ግድ የለም» አለች፤ «ግማሽ ኪሎ ይምሩሃል።»

አልሳቀችም።