ያበጠው ይፈንዳ

ሰንጋ ተራ፣ ደረጃ ሥር፣ በሙዘይን ጠባብ ሱቅ፣
ደረቱ ተከፍቶ ተኝቷል፣ አቧራው ገና ሳይለቅ፣
ማመልከቻ ጸሐፊዋ፣ ማንያህልሻል፣ ከልደታ
ያመጣችው ኮምፒዩተር፣ በማዳበሪያ ኬሻ ከታ።

ስምንት ካፓሲተር፤ አምስቱ ሆዳቸው ተነፍቶ፣
አንዱማ አናቱ ተሰንጥቆ፣ ቡናማ ዝቃጭ ተፍቶ።
«ያበጠው ይፈንዳ» ይላል ሰው፤ ሙዘይን ግን አይልም፤
ከሥር በካውያ ያሞቃል፣ ይነቅላል፣ አይቸኩልም።

«አዲስ አትገዢም?» ስላት፣
«አዲሱ ፊደሌን አያውቅም፤
የአሥራ ሰባት ዓመት እንባ በሌላ አይከፈትም።»

ከሞተ ዴክ የተረፉትን፣ ነጩን መስመር አስተውሎ፣
አንድ በአንድ፣ በስታኞ ጠብታ ተክሎ፣
ሊያበራው ሲል መብራት ሄደ።

ካውያው እየበረደ፣
ማንያህልሻል ጨለማው ውስጥ፣ ጉልበቷ ላይ፣ በጣቷ፣
«አመልካች…» እያለች ትተይባለች።