ሃያ ዲግሪ

ቡሬ ላይ ሰባት ሰዓት ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
ከቶርኖው የወረደው ዘንግ ገና እጅ ይልጣል።
ለዘይት መጭመቂያው ነው፣ ስልሳ ሚሊ ውፍረት፣
ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤ የጎበጠበት።
ሚስተር ሉ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ
ማይክሮሜትሩን አጠበቀው፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አስብሎ፤
አነበበ። አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ትርፍ።
አማርኛው እፍኝ አይሞላም፤ ከእፍኙ አንዷ ግን «አያልፍ!»

ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ ዘይት የነካው ሰንጠረዥ፤
ላዩ በቻይና ፊደል፣ ታቹ በጋሼ አንለይ እጅ።
የአገራቸው ደረጃ ነው፤ «ጉዎብያው» ይሉታል፤
እኛ «ጓ ብያው» አልነው፤ ምሳ ላይ ሳቅ ያመጣል።
ዛሬ ግን ጓ ያለው በእኔ ላይ ነው፤ ማንም አልሳቀ።
አንድ መቶኛ! ከአይጥ ጢም የሳሳች፤ ማን አያት፣ ማን ዐወቀ?
ዐሥራ አንድ ሆነን ገብተን ሰባት ቀርተናል፤ በዚሁ ምዘና
ወድቀው ከሄዱት ስማቸው ባጃጅ ይነዳል፤ የዝና
እናቷ ሱቅ ናት። ቀይ ማኅተም ያለበት ወረቀት
ያልያዘ የፋብሪካውን በር የሚያየው ከርቀት።

አባቴ ሰፋሪ ነበር፤ ማክሰኞና ቅዳሜ
ቁናውን ይዤ እከተለው ነበር፣ በልጅነት አቅሜ።
እጁ ንጹሕ ነበረ፤ አይቆልል፣ አያጎድል፣
በመዳፉ አፉን ጠርጎ «አንድ ብለናል!» የሚል።
አንድ ቀን ከሽንዲ የመጣች ሴት በቆሎዋን አሰፈረች፤
ስድስት ቁና ጭና ወጥታ አምስት ተኩል ሆኖባት ቀረች።
ስልቻው አልተቀደደም፤ አህያዋም አልበላ፤
የሽንዲ ቁና ሌላ ነው፣ የቡሬ ቁና ሌላ።
ሌባ የሌለበት ስርቆት! ማንን ትክሰስ? የማን ዳኛ?
አባቴ ያን ማታ ራቱን ሳይነካ ተኛ።

ዘንጉን መልሼ ቶርኖው ላይ ሰቀልሁ። በብርጭቆ ወረቀት
ሁለት ጊዜ ብዳብሰው ታልቃለች፤ ምን ዕድሜ አላት?
«ጥሩዓለም፣ እጅሽን!» አለ ጋሼ አንለይ፣ ከጎንጅ ጉባኤ ሸሽቶ
ብረት ቤት የመነነ ሰው፣ ማጥፊያውን በክርኑ መትቶ።
«ቅኔ ስንቆጥር ውለን ማታ ለየኔታ ስንነግር
አንዲት ቃል ብትተርፍብን ቤቱ ይሰበር ነበር።
ግን ‹አሳድራት› ይሉኝ ነበር፣ ‹ሲነጋ ትለያለች›።
በይ አንብቢ፤ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ አንዲት መሥመር አለች።»

አነበብሁ፦ መለኪያ የሚጸናው በሃያ ዲግሪ ሙቀት ነው።
ሚስተር ሉ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ያስተማረን እሱ ነው።
እሱ በተማረበት አገር ክፍሉ ራሱ ሃያ ነበር፣
በጋም ክረምትም ሃያ፤ ሰው አያስበውም፣ እንደ አየር።
እኛ ግን ሃያ ዲግሪን የምናገኘው በክፍል አይደለም፣
በሰዓት ነው፤ ከረፈደ ያመልጣል፣ ሳይነጋም የለም።

ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርሁት።
በማግስቱ ማልጄ ከቴርሞሜትሩ ፊት ተቀመጥሁ፤
ዐሥራ አራት። ዐሥራ ሰባት። ዳቦዬን ገመጥሁ።
ዐሥራ ዘጠኝ። ጣሪያው ገና አልተንጣጣም።
ሃያ።
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ትርፉ የለም። ሌሊቱ በልቶታል።
ትናንት ፍቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጎድሎ ይጣላል።
ዘንጉ ከኩሽኔታው ገባ፣ ሳይንቋቋ፣ ሳይላወስ።

«ቤት መታ!» አለ ጋሼ አንለይ። ሚስተር ሉ ደብተሩን አወጣ፤
«ቤት» የሚለውን ያውቃል፤ «መታ»ን ግን ምን አመጣ?
ማስረዳት ጀመርን ሁላችን ባንድ ላይ፤
እስካሁን አልጨረስንም።

ቅዳሜ ቤት ስሄድ ትልቁን ካሊፐር እዋሳለሁ፤
ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቁና አፉን እለካለሁ።
እጽፈዋለሁ፤ ከነሙቀቱ፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ።
ግን ለማን ልንገረው? ያችን የሽንዲ ሴት
ስሟን እንኳ አልጠየቅናት።