ቤት ያፈራውን

ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ማራገቢያው ሙቀት ሲያዞር ከግድግዳ እስከ በር፣
ለዘይቱን መድኃኒት ቤት ገጽ ስሠራ ሰነበትኩ፤
በእኔ መስኮት አምሮ ቢታየኝ ጊዜ፣ ጨረስኩ አልኩ።

በቀትር መጣች፣ ከመጋላ በባጃጅ፣
ስልኳን እንደ ታመመ ጫጩት ይዛ በአንድ እጅ።
«እስቲ አንብበው።»
ሳጥን። ሳጥን። ሳጥን።
«በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ የጻፍኩት
ባዶ ፉርጎ ሆኗል፣ ያለ ጭነት የቀጣጠሉት።
«ይህን ያየ በሽተኛ ስንት ፍሬ ይውጥ?»
አለችኝ። የእኔም መልስ አልነበረም የሚዋጥ።

የረዳቷ ስልክ ሌላ ጉድ፦ ፊደሉስ አለ፣
ግን ደቆ፣ ጤፍ አክሎ፣ ከመስመሩ ዝቅ ያለ።
«አሥራ ስድስት ነው ያልኩት! አሥራ ስድስት!» ብዬ ማልኩ፣
«ቁጥሩ አንድ ነው፣ እዚህም እዚያም» እያልኩ።
ዘይቱን ሳቀች። «ቀፊራ ኦቾሎኒ ገዝተህ አታውቅም?
ጣሳው አንድ ነው። አንዷ ትከምራለች፣
ሌላዋ በመዳፏ አፉን ትላጫለች።»

ጋሽ አራርሶ ከደጅ ሰሙን። ድሮ፣ ምድር ባቡር ሳሉ፣
ከሁርሶ እስከ ሚኤሶ የጣቢያ ስም ቀለም ያበሉ።
«መለኪያን አትመን» አሉ፤ ብሩሽ ያጣ ጣታቸው
አየር ላይ ጻፈ፣ እንደ ልማዳቸው።
«‹መ› ሁለት ክብ ናት። ከመስመሩ ፀጉር ታህል ካላሳለፍካት፣
ከ‹በ› ጎን ድንክ ትሆናለች፣ እኩል እንኳ ብትለካት።
በጎረምሳነቴ ‹ኤረር›ን በክር ለክቼ ጻፍኩ፤
ባቡሩ ሲያልፍ ከመስኮት አየሁት፤ አፈርኩ።
ዓይን ክንድና ስንዝር አያውቅም፤
የፊደሉን ሆድ ነው የሚያየው፣ ጠግቧል ወይስ አልጠገበም።»

ማታ፣ የደቻቱ አሸዋ ሙቀቱን ሲተፋ፣
ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ለማላውቀው ቤት ሁሉ፣ በተስፋ፦
መጀመሪያ ኒያላን ጥሩ።
እንደ ስሙ ብርቅ ነው፤ ከአዲሱ ማሽን ጠፍቷል ዱሩ።
ቢገኝም ኮሳሳ ነው፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጉለት።
እሱ ከሌለ ከፋን። (ስሙ ነው፤ ምንም አልከፋበት።)
ምንም ለሌለው ቤት፣ ከገጹ ጋር ስንቅ ቋጠርኩ፤
ደካማ ኔትወርክ የሚሸከመው ቀሊል ፊደል መረጥኩ።
ስንቁ መንገድ ላይ ቢቀርም፣ አታስቁሙ እንግዳውን፤
ስጡት ቤት ያፈራውን።

ጠዋት ስልኳ ተከፈተ። ያለምኩት መልክ አይደለም፤
አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ውበትም ብዙ የለም።
ዘይቱን ግን ጮክ ብላ አነበበች፦
በቀን ሦስት ጊዜ። ከምግብ በኋላ።
ባጃጅ ጠርታ ሄደች፤ ሂሳቡን ነገ አለች።

ጋሽ አራርሶ ስልኬን ተቀብለው አራቁት፣
አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት።
«ይነበባል» አሉ።
ቆይተው፦
«የመድኃኒቷ ‹መ› ግን አሁንም አጥራለች።»