ይማርህ

ቅዳሜ ማለዳ፣ አሞራ ገደል ዳር፣
ጀልባ ሲራገፍ፣ መረብ ሲበረበር፣
የቆርቆሮ ቁራጭ ጥቁር ቀለም ቀባሁ፤
ከሾላው ግንድ ላይ በሚስማር ሰቀልሁ።
"ሰሌዳ ነው" አልሁ፤ ማንም አልሳቀብኝ፤
አንድ አባ ኮዳ ብቻ አንገቱን ሰብቆ ዘቅዝቆ አየኝ።

ያን ሰሞን ደብተሬን ቁጥር ነው የሞላው፦
ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ስልሳ አራት እርሳስ፣
ሁለት ካርቶን ብስኩት፣ አንድ ኳስ፣
አሥራ ሰባት ፎቶ።
"ፈገግ በሉ" እላለሁ፤ እነሱም ይታዘዛሉ፣
ሰው በትእዛዝ ሲስቅ እንደሚሆነው
ጥርስ ብቻ ሆነው።

ዳንጊሶ ግን ከአንዱም ፎቶ ላይ የለም።
ቢላ ይዞ ነበር፤ እጁ ሥራ አይፈታም።
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ወይም አሥራ ሁለት፤
ልደቱን የሚያውቀው የበልግ ዝናብ ነው፤ የለውም ወረቀት።
አንዱን ቆሮሶ በሦስት ምት ይገፈዋል፤
ቅርፊቱ ክንዱ ላይ ደርቆ
እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል።
ሳንቲሙ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

"ሀ በል" አልሁት፤ አለ። "ለ በል" አልሁት፤ አለ።
ግማሽ ልቡ ከእኔ፣ ግማሹ ከሚዛኑ ዋለ።
ወር አለፈ እንዲህ። አንድ ቀን "ዐ"ን ጻፍሁ፤
ቢላውን አስቀመጠ።
"ይቺማ" አለ፣ "የዓሣ ዓይን ናት፣
ሞቶ እንኳ የማይከድናት።"
እኔ ስንት ዘመን "ዐይኑ ዐ" እያልሁ ስቆጥር
አንድ ቀን አይታኝ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ።
የረባ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤
የለኝም። ዘነበ፤ ብርድ ልብሱ ሞቀኝ።
አቶቴ ካለችው ጠባብ ክፍሌ ተኝቼ፣
የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰምቼ፣
ሌላ ቆርቆሮ መኖሩን ረስቼ፣
የስልኬን ደወል በአውራ ጣቴ ገድዬ፣
በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ፈቃድ ወጣሁ ብዬ።

በሳምንቱ ሄድሁ። ሾላው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።
ዞር ዞር ስል
ዳንጊሶ ከተገለበጠ ጀልባ ሥር ጎትቶ አወጣው፣
በሸራ ጠቅልሎ፣ በመረብ ገመድ አስሮ።
ጠመኔው እንኳ አልተነካም፤
"ዐ" እንዳፈጠጠች ናት።
"እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅንህ" አለኝ፤
አልወቀሰኝም፤
ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የነገረኝ።

"አሞኝ ነበር" አልሁት።

ሠላሳ ሁለቱም በአንድ አፍ
(ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ሲፈን ቀርታለች፤ ያኔ አላስተዋልሁም)
"እግዜር ይማርህ!" አሉኝ።

ቀትር ላይ ስመለስ ዳንጊሶ ሮጦ ደረሰብኝ፤
በፌስታል አንድ ዓሣ፤ "ሾርባው ለታመመ ሰው ደግ ነው" አለኝ።
ከድርሻው ላይ ነው፤ ዋጋውን አውቀዋለሁ፤ የዚያ ቀን ምሳው ናት።
መቀበሉ ነውር፤
አለመቀበሉ ውሸቴን ማውጣት።
ተቀበልሁ።

ማታ ቀቅዬ በላሁ። አንድም እሾህ የለው፤
አንድ በአንድ ለቅሞ እሱ ነው ያወጣው።
የሆነ ነገር ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣
ውኃ ብጠጣበት፣ እንጀራ ብጎርስበት፣
እዚያው ከረመ።

ደብተሬን ገለጥሁ። "የተሰጠ" የሚል ዓምድ አለኝ፤
ለዚህኛው ዓምድ አላሰመርሁም።
ከኅዳጉ ላይ፣ በጠባቡ፣
"ቆሮሶ፣ አንድ" ብዬ ጻፍሁ።

እውነቱን ለዳንጊሶ እስካሁን አልነገርሁትም።
ስሙን ግን መጻፍ ችሏል፤ "ጊ" ላይ ትንሽ ይዛነፋል።
ለሕመሜም ይሁን ለውሸቴ፣ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፤
የትኛው እንደያዘልኝ እሱ ያውቃል፣ የሰማው።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ዛሬም ይዘንባል።
ሲፈንን እጠይቃለሁ፤ ቤቷ ወዴት እንደሆነ ሰው አይጠፋም።
ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ
"በዚህ ዝናብ አሞራ ገደል ምን ልታደርግ ነው?" ሲለኝ
"ልማር" እላለሁ።
"ጎበዝ" ይለኛል፣
"ትምህርት መቼም አይረፍድም"፤
መልሴን ቆጥሮ ይሰጠኛል።